ኋላዋስ የታለ?

ዕቁብ ወጣልኝ። በዱርቤቴ ዕቁብ የወጣለት ሰው ለሁለት ቀን ያህል የከተማው ሁሉ ዘመድ ይሆናል፤ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ገንዘቡን ምን እንዳደረገው ቃሉን የሚሰጥ ተከሳሽ። እኔ ሦስተኛውን ቀን አልጠበቅሁም። ብሩ ገና ከሰብሳቢው እጅ ሳይወጣ ሐሳቤን አፈረጥሁት፦ ሳይክል ልገዛ ነው፤ አዲስ፤ ያውም ማውንቴን፤ ያውም ከፊትም ከኋላም ሞላ ያላት።

ባለቤቴ ቡና ትቆላ ነበር። ቀና ሳትል፣ “የወጥ ቤቱ ቆርቆሮስ?” አለች።

“ወገቤስ?” አልኋት።

እኛ ቤት ክርክር የሚዘጋው አንዱ ሲረታ ሳይሆን ጀበናው ሲነጥፍ ነው። በረካው ሳይወርድ “እንግዲህ ታውቃለህ” የምትለዋን ፈቃድ አገኘሁ። “እንግዲህ ታውቃለህ” ፈቃድ አለመሆኑን ባለትዳር ሁሉ ያውቃል፤ እኔ ግን ያን ዕለት ባለትዳር ሳልሆን ባለዕቁብ ነበርሁ።

የወገቤ ነገር ውሸት አይደለም። ሥራዬ የከብት ሕክምና ነው። ገበሬው “ዶክተር” ይለኛል፤ ያለኝ ዲፕሎማ መሆኑን ደፍሬ ነግሬው አላውቅም። ዱርቤቴ ከባሕር ዳር ተነሥቶ መራዊንና ወተት ዓባይን ያለፈ መንገደኛ ዳንግላ ሳይደርስ የሚያገኛት፣ አስፋልቱ መኻል ለመኻል የሚሰነጥቃት ከተማ ናት። በመኪና መስኮት ለሚያያት ዓለም ሁሉ አስፋልት ይመስላል። የእኔ በሽተኞች ግን አስፋልት ዳር አይታመሙም። ላሚቱ የምትነፋው፣ በሬው የሚያነክሰው ከአስፋልቱ ወጥቶ፣ ከባሕር ዛፉ አልፎ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ “እዚህ ቅርብ ነው” ከተባለው ቦታ ሌላ አንድ ሰዓት ርቆ ነው። ክረምት ላይ ያ የአቸፈር ቀይ ጭቃ በጎማውና በሹካው መኻል ይጋገርና ሳይክሏን በቁሟ ያስራታል፤ ያን ጊዜ ጋላቢዋ ሳይክሏ፣ ተጋላቢው ባለሳይክሉ ይሆናል። በመስከረም ጭቃው ይደርቅና ከብት የረገጠው ኮቴ ሁሉ እንደታተመ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል። በዚያ መንገድ ላይ በአሮጌዋ ቻይና ሠራሽ ጥቁር ሳይክሌ፣ አንድ ማርሽ ብቻ ባላት፣ ፍሬኗ በብረት ዘንግ በሚጎተተው፣ ዐሥራ አንድ ዓመት ተመላልሻለሁ። ከብቶቹ ድነዋል። እኔ ጎብጫለሁ።

ለነገሩ ሳይክልን ከዝላይ ያዳናት መሐንዲስ ሳይሆን የከብት ሐኪም ነው። በአየርላንድ ቤልፋስት ከተማ ከብት ያክም የነበረ ጆን ደንሎፕ የሚባል ስኮትላንዳዊ፣ የልጁ ባለ ሦስት እግር ሳይክል በድፍን ጎማ እየነጠረች ብታስቸግረው፣ በ1880 ዓ.ም. አካባቢ አየር የተሞላ የላስቲክ ቱቦ ጠቀለለላት። ዛሬ ጎማ ነፍተን የምንሄድ ሁሉ የእሱ ታካሚዎች ነን። እንግዲህ የከብት ሐኪም ስለ ሳይክል ምቾት ቢጨነቅ የሙያ አባቱን መከተሉ ነው። ይህንኑ ለባለቤቴ ነገርኋት።

“እሱ የሠራው ለልጁ ነው” አለችኝ።

ባሕር ዳር ሄድሁ። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፤ ተማሪውም ነጋዴውም በሳይክል የሚሄድባት ከተማ ናት። ሱቁ ውስጥ ሁለት እጩዎች ቀረቡልኝ። ሁለቱም ባለ ሁለት ሞላ፣ ሁለቱም ቀይ። አንደኛዋ በእኛ ገበያ የአንዲት ጊደር ዋጋ ታወጣለች። ሁለተኛዋ የጥማድ በሬ፤ ምናልባትም ከነቀንበሩ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በልቤ ስማቸው ጊደሯና ጥማዷ ሆነ።

ሻጩ ከእህቴ ልጅ የማይበልጥ ለጋ ቢሆንም ትዕግሥት ነበረው። የጊደሯ ቴላዮ ብረት ነው፤ የኋላ ሞላዋ እንደ እስክሪብቶ ሞላ የተጠቀለለ ወፍራም ሽቦ ሆኖ ከመቀመጫው ሥር በግልጽ ይታያል። “የየት አገር ሥራ ናት?” ብለው፣ “ማርሿ የጃፓን ነው” አለኝ። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች። ጥማዷ አሉሚኒየም ናት፤ ሞላዋ ሽቦ ሳይሆን በሲሊንደር ውስጥ የታመቀ አየር ነው፤ ፍሬኗም በዘይት ይይዛል።

“ጋሼ፣ ይቺ 120 አላት” አለኝ።

“120 ምን?”

“ሚሊ ሜትር። ድንጋይ ሲመታት ጎማዋ ወደ ላይ የሚሸሽበት። ለውድድር 100 ያህል ይበቃል፤ ለተራራ መንገድ እስከ 150 አለ፤ ከገደል ለሚወርዱት 200 ይደርሳል።”

“እኔ ከገደል አልወርድም” አልሁት። “የምወርደው ከአልጋ ነው፤ ያውም በሌሊት፣ ጥጃ ተገልብጦ አልወጣም ሲላቸው።”

ሳቀና ጥማዷ ላይ አስቀመጠኝ። ሰው ሲቀመጥባት የኋላ ሞላዋ ከሩብ ጥቂት አለፍ ብሎ መስመጥ አለበት። ካልሰመጠ ጠጠሩን ሁሉ ለወገብ ታቀብላለች፤ አብዝቶ ከሰመጠ ደግሞ ጉድጓድ ስትገባ የምትሸሽበት አይተርፋትም። ይህ የሚስተካከለው አየር በመጨመርና በመቀነስ ነው፤ ለዚያም የራሱ ትንሽ ፓምፕ አለው፤ የጎማ ፓምፕ አይሆነውም። እንግዲህ ፓምፑም ይገዛል። ከነቀንበሩ ያልሁት ለዚህ ነው።

እኔ ሳይክል አላውቅም፤ በቅሎ ግን በሙያም በውርስም አውቃለሁ። አባቴ በቅሎ ሊገዛ ሲሄድ ጥርሷን ያያል፤ ኮቴዋን ያነሣል፤ ጀርባዋን በመዳፉ ይደባብሳል። ዋጋ የሚቆርጠው ግን ሌላ ሰው አስቀምጦባት፣ አስነድቶ፣ ራሱ ከጎን ቆሞ ሲያይ ነው። የሚያየው እሷን አይደለም፤ የተቀመጠውን ሰው ትከሻ ነው። ትከሻው የሚነጥር ከሆነ “እግዜር ይስጥልኝ” ብሎ ይሄዳል። ትከሻው ዝም ካለ ሰጋር ናት። ሰጋር በቅሎ እግሮቿን ተራ በተራ እየጣለች ስለምትሄድ ጀርባዋ ከፍ ዝቅ አይልም፤ ብርሌ ይዞ የተቀመጠባት ሰው ጠጁ አይፈስበትም ይባላል። ፈረንጅ በሲሊንደር አሽጎ የሚሸጠው ነገር በአረማመዷ ውስጥ አለ፤ ፓምፕም አትጠይቅ።

ስለዚህ ሻጩን፣ “አንተ ንዳት፤ እኔ ትከሻህን ልይ” አልሁት።

ነዳት። ዘንባባ በተደረደረበት መንገድ ላይ ትከሻው ዝም አለ። በዚያ መንገድማ ድንጋይ የጫነ ጋሪም ዝም ይላል። በጥር ጃንጥላ ገዝቶ ዝናብ አያስገባም እንደማለት ነው። እንግዲህ ራሴ ወደ ቤዛዊት ላውጣቸው አልሁ፤ ጃንሆይ ቤተ መንግሥት ያሠሩበት፣ ዓባይ ከሥሩ የሚፈስበት ኮረብታ ነው። ለመያዣ መታወቂያዬንና ስልኬን ሰጥቼ፣ ሻጩ አንዷን እኔ አንዷን ይዘን ወጣን።

በጊደሯ ጀመርሁ። ፔዳሉን ስረግጥ ወደ ታች እጥፍ፤ ስለቅ ወደ ላይ ብቅ። ስረግጥ እጥፍ፤ ስለቅ ብቅ። እሺ፣ እሺ፣ እሺ እያለች ራሷን ትነቀንቃለች፤ መሄድ ግን የለም። እሺ ይበልጣል ከሺ የተባለው ለሰው ኖሯል። ጉልበቴ ጎማው ዘንድ ከመድረሱ በፊት ሞላው መኻል ላይ ቆሞ እንደ ደላላ ድርሻውን ይቆርጣል።

ጥማዷ ለዚህ መድኃኒት አላት። ከኋላ ሞላዋ ጎን አንዲት ሰማያዊ ምላስ አለች፤ ስትጠመዘዝ ሞላው ይቆለፋል፤ ያን ጊዜ ሳይክሏ ሞላ የሚባል ነገር እንዳልፈጠረባት ቀጥ ብላ ትወጣለች። ግሩም ነገር ነው። ሒሳቡ የገባኝ ጫፉ ላይ ቁጭ ብዬ ዓባይን ሳይ ነው፦ ሞላ ለመግዛት አንዲት ጊደር እከፍላለሁ፤ ያንኑ ሞላ ለማሰር ደግሞ ጥማድ በሬ።

ነገሩ ከአፈጣጠሯ ነው። ማውንቴን ሳይክልን ዛሬ ላለችበት ያበቋት በአሜሪካ ካሊፎርኒያ፣ ማሪን በሚባል ወረዳ የሚኖሩ ወጣቶች ናቸው። በጥቅምት 1969 ዓ.ም. አሮጌ ወፍራም ጎማ ሳይክሎቻቸውን ይዘው ከተራራ ላይ ቁልቁል እሽቅድምድም ጀመሩ። መንገዱ ከሦስት ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው። ፔዳል ወደ ኋላ ሲረገጥ የሚይዘው ፍሬናቸው ቁልቁለቱ ላይ ስለሚግል፣ ግራሱ ጢስ ሆኖ ይወጣል፤ ታች ሲደርሱ ማዕከሉን ፈትቶ አዲስ ግራስ መሙላት ግድ ነው። ለዚህም ነው ውድድሩ “ሪፓክ” የተባለው፤ “እንደገና ሙላ” እንደማለት። ለእነዚያ ልጆች ተራራ የሚወርዱበት ነገር ነው። ለእኔ ተራራ በሬ የታመመበት ነገር ነው፤ መውረዱ የሚመጣው ደግሞ ወጥቼ፣ መርፌ ወግቼ፣ “ጠላ ካልቀመስህ አትሄድም” ተብዬ፣ ቀምሼ ነው።

“አስቤበት እመለሳለሁ” አልሁት ሻጩን። የሁለቱን ፎቶ በስልኬ አንሥቼ ዱርቤቴ ገባሁ።

ፎቶውን መጀመሪያ ያሳየሁት አስፋልቱ ዳር፣ ጥላ ሥር ለሚሠራው ጎሚስታ ነው። የሳይክል ቃሎቻችን ግማሹ ጣሊያንኛ ነው፤ ጎማ፣ ሞላ፣ ካቴና፣ ፍሬን፣ ኩሽኔታ። አርበኞቻችን በ1933 ዓ.ም. ሰውየውን ሲያስወጡት ዕቃ ቤቱን አላስረከበም መሰለኝ። ጎሚስታው ፎቶውን በሁለት ጣቱ አሰፋውና ከሞላው ይልቅ መጋጠሚያዎቹን መቁጠር ያዘ። ባለ ሁለት ሞላ ሳይክል የኋላ እግሯ ከወገቧ የሚታጠፍ ስለሆነ፣ የሚታጠፍበት ሁሉ ኩሽኔታ አለው።

“እነዚህ ውስጥ ጭቃ ሲገባስ?” አለኝ።

“ይታጠባል።”

“ሲበላስ? ቁጥሩን ከየት አመጣለሁ?” ስልኬን መለሰልኝ። “ዶክተር፣ የማውቀውን በሽታ የምትታመም ሳይክል ግዛ።”

ሐኪም ሆኜ ለዚህ መልስ አጣሁ። እሱ ግን አላበቃም። “ለወገብህ ከሆነ ደግሞ ሰፊ ጎማ አስገባና ነፋስ ቀንስ። በነፃ ነው።” የደንሎፕን ማዘዣ ዱርቤቴ ላይ፣ እጁ በግራስ በጠቆረ ሰው አንደበት ሰማሁት።

ባለጋሪው ጎረቤቴ ፎቶውን አይቶ በሳቅ ሞተ። የእሱ ጋሪ ከአሮጌ መኪና የተፈታ ባሌስትራ አለው። “የእኔ ፈረስ ሞላው ጉልበቱን የማይበላበት ለምን እንደሆነ ታውቃለህ? እሱ ከፊት ሆኖ ይስባል እንጂ ሞላው ላይ አይቀመጥም። አንተ ግን ፈረሱም ተሳፋሪውም አንተው ነህ።” ቤዛዊት ላይ ላብ በላብ ሆኜ ያገኘሁትን እሱ ጅራፉን ሳያስቀምጥ ነገረኝ።

ፍኖተ ሰላም የሚሠራ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ጋ ደወልሁ፤ ጊደሯን የምትመስል ከገዛ ሁለት ዓመቱ ነው። በመጀመሪያው ክረምት መጋጠሚያዋ ሲጥ ሲጥ ማለት ጀመረች አለኝ። በሁለተኛው ድምፅዋ ከእሱ ቀድሞ ይደርስ ጀመር፤ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ መምጣቱን ያውቃል። ቡሬ ድረስ ወስዶ ያሳየው ባለሙያም ምስጢሩ አልተገለጠለትም። “ታዲያ ምን አደረግህ?” ብለው፣ ሞላውን ነቅሎ አውጥቶ በልኩ ባሕር ዛፍ ቆርጦ እንደሰካበት ነገረኝ። ከዚያ ወዲህ ዳገት አይበግራትም። የጥማዷን ሰማያዊ ምላስ በባሕር ዛፍ አገኛት ማለት ነው፤ ያውም በአንድ መጥረቢያ።

ቤት ውስጥ ደግሞ የእህቴ ልጅ በጥማዷ ድርቅ አለ። ባሕር ዳር ተምሯል፤ የሞላውን ቁጥር፣ የጎማውን ኢንች፣ 27.5 ትሻላለች ወይስ 29 የሚለውን በቃሉ ይወጣዋል። ትልቁ ጎማ ጉድጓድ ላይ ቶሎ አይሰምጥም፤ ትንሹ ቶሎ ይታጠፋል። እውነቱን ነው። አጎቴ ግን አቋረጡት።

“ትወልዳለች?” አሉኝ።

“አትወልድም፣ አያ።”

“ታርሳለች?”

“አታርስም።”

“ገፈራስ?”

“አትበላም።”

“ከበቅሎ በዚህችው ትሻላለች” ብለው ወደ ጠላቸው ተመለሱ።

እናቴ እስካሁን አልተናገረችም ነበር። ስልኩን ተቀብላ አራቀችው፤ አቀረበችው፤ ገለበጠችው፤ ጀርባው ላይ የቀረው የሳይክሏ ክፍል ያለ ይመስል የስልኩን ኋላ አየች።

“ኋላዋስ የታለ?” አለች።

“የምን ኋላ?”

“ሰው የሚፈናጠጥበት።”

ቤቱ ዝም አለ። እኔም ስልኩን ተቀብዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ኋላዋን አየሁት። የለም። ከመቀመጫው በኋላ ያለው ጎማና ሰማይ ነው። ጊደሯም የላት፤ ጥማዷም የላት።

“ዘመናዊ ሳይክል ኋላ የለውም እኮ” አለ የእህቴ ልጅ። “ፅጋቡ ግርማይ በ2008 ቱር ደ ፍራንስን የነዳበት ሳይክል ኋላ አለው? በ1949 ሜልቦርን ኦሎምፒክ እነ ገረመው ደንቦባ የነዱትስ?”

“እሽቅድምድም ላይ ማን ሰው ያፈናጥጣል!” አለች እናቴ።

እውነት ነው። ያቺ ጥቁሯ አሮጌ ሳይክሌ ማርሽ ባይኖራትም ኋላ አላት፤ ወፍራም የብረት መጫኛ። እናቴን ጤና ጣቢያ አድርሳበታለች፤ በጎን ተቀምጣ፣ አንድ እጇ ወገቤን፣ አንድ እጇ ነጠላዋን ይዞ። ኩንታል ጤፍ ወፍጮ ቤት ሄዶበታል፤ እርግጥ ያኔ እኔ ወርጄ ነው የገፋሁት። ጃንጥላቸውን እንደዘረጉ አንድ ቄስ ተፈናጥጠውባታል፤ ነፋስ መጥቶ ሁለታችንንም ወደ ጎድጓዳው ሲወስደን ጃንጥላውን አልለቀቁም። እግሩ የተሰበረ ጥጃ፣ ለሠርግ የተላከ ጄሪካን አረቄ፣ በፈተና ቀን የረፈደበት ተማሪ። ከሁሉም በላይ የክትባት ሳጥኔ! የአባ ሰንጋውም የአባ ጎርባውም ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መኻል ካልቆየ ውኃ ነው፤ ስለዚህ ከነበረዶው በሳጥን ይጓዛል። ሳጥኑ ዐሥራ አንድ ዓመት ከኋላዬ ስለነበር አይቼው አላውቅም። ባሕር ዳር ሄጄ 120 ሚሊ ሜትር ስለካ አንድ ጊዜ እንኳ “ሳጥኔ የት ይቀመጣል?” አላልሁም።

ለሻጩ ደወልሁ። መጫኛ ማስገባት ይቻል እንደሆነ ጠየቅሁት። የኋላ እግሯ ከሞላው ጋር ስለሚታጠፍ፣ ከቴላዮው እስከ ጎማው የሚዘረጋ ተራ መጫኛ አይገጥምላትም፤ የመቀመጫው ዘንግ ላይ ብቻ የሚታሰር አለ፣ እሱም ጥቂት ኪሎ ነው የሚችለው አለኝ። ጥቂት ኪሎ ማለት ጃንጥላው ነው፤ ቄሱ አይሆኑም።

ደግሞስ የኛን አገር መንገድ አስቡት። ገበያ ውሎ፣ ጨውና ስኳሩን በነጠላ ቋጥሮ፣ በቀትር በእግሩ የሚሄድ ሰው አለ። ያውቅሃል፤ ከብቱን ወግተህለታል። በቀይ ሳይክል ስትደርስበት ፈገግ ይላል፤ ይቆማል፤ ጥግ ይይዛል። ያን ጊዜ ምን ይባላል? “ሞላ ስላላት ሰው አትጭንም” ይባላል? ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቁንዝላ መገንጠያ ይደርሳል።

ባሕር ዳር ተመለስሁ። ሻጩ ጥማዷን ወልውሎ ጠበቀኝ፤ ጥግ ላይ የቆመችውን፣ ከፊት ብቻ ሞላ ያላትን፣ ጎማዋ ሰፊ፣ ኋላዋ ድፍን የሆነችውን ሳሳየው ፊቱ ጠቆረ። ለእጩነት እንኳ አላቀረባትም ነበር። ቴላዮዋ ላይ፣ ከኋላ ጎማው ጎን፣ የመጫኛ ብሎን መግቢያ ቀዳዳዎች አሏት። ዋጋዋ ከጊደሯ አንድ በግ ይቀንሳል። በተረፈው ለወጥ ቤቱ ቆርቆሮ ገዛሁ፤ ባለቤቴ ቆጠረችና፣ “ሁለት ይጎድላል” አለች፤ ቢሆንም ያን ዕለት ቡናው ሦስተኛው ድረስ በሰላም ተጠጣ። መጫኛውን ጎሚስታው ከበያጁ ጋር ሆኖ ከጥቁሯ ሳይክል ፈትቶ ገጠመላት። ትንሽ ወደ ግራ ያጋድላል፤ ሳጥኑም አብሮ ያጋድላል፤ ክትባቱ ግን ይቀዘቅዛል።

በመጀመሪያው የገበያ ቀን ከከተማ ወጥቼ ጥቂት እንደሄድሁ አጎቴን ከፊቴ አየኋቸው፤ ዱላቸው ትከሻቸው ላይ፣ ጋቢያቸው ከላይ ጣል። ደረስሁባቸውና ወረድሁ።

“አያ፣ ይፈናጠጡ።”

አልተግደረደሩም። ዱላቸውን አግድም ያዙና ተቀመጡ። ጥቂት ሄድን። እኔ ደስ ብሎኛል፤ የፊት ሞላዋ ኮቴውን ሁሉ ትውጣለች፤ ነፋሱ ቀነስ ያለው ጎማ ይለሰልሳል፤ ጉድጓድ ሲመጣ ከመቀመጫው እነሣለሁ። አጎቴ የሚነሡበት የለም። መጀመሪያው ጉድጓድ ላይ “ኧረ!” አሉ። ሁለተኛው ላይ የማርያምን ስም ጠሩ። ሦስተኛው ላይ በዱላው ጎኔን ነካ አደረጉኝ።

“አንተ ልጅ፣ ያ ሁለት ነው ያልኸው ሞላ፣ አንዱ የት ገባ?”

“እሱን ተውሁት፣ አያ። መቀመጫ ያሳጣዎት ነበር።”

“አቁም እስቲ።”

አቆምሁ። ወረዱ። ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱና ለሁለት አጠፉት፤ ለአራት አጠፉት፤ ብረቱ ላይ አነጠፉት፤ እንደ በቅሎ ጀርባ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። ከዚያ ቀስ ብለው ተቀመጡበት። ጋቢው ከሩብ ጥቂት አለፍ ብሎ ሰመጠ።

“በል ንዳ” አሉኝ።